የሚሸሽ ሰው አይዘፍንም

ገዳሪፍ፣ ጥቅምት 20 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለእህቴ ለእትዬ አሰጋሽ፤

ሰላምታዬ የመተማን በረሃ አቋርጦ ጎንደር እስኪደርስ ሙቀቱ እንዳይወጣለት እየሰጋሁ ነው የምጽፍልሽ። እንዴት ከርመሻል? ተማሪዎችሽ፣ ጎረቤቶችሽ፣ ደጅሽ ሁሉ ደህና ነው? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ጤና ነኝ።

«ማነው ደግሞ ይሄ?» ሳትይ አልቀረሽም። አየነው ነኝ፤ የእምዬ ወርቅውሃ የልጅ ልጅ። እናትሽና አያቴ የእህትማማቾች ልጆች መሆናቸውን አያቴ ስትነግረን ነው ያደግነው። ለመጨረሻ ጊዜ የተያየነው በአጎታችን ተዝካር ላይ ነው። ጠላ የሞላ ገንቦ ሰብሬ ስፈረጥጥ፣ ቀሚስሽን ሰብስበሽ እስከ ወንዙ አባርረሽ የያዝሽኝ አንቺ ነሽ። ሽማግሌዎቹ «ይህች ልጅ እግሯ የሰጎን ነው» ሲሉ ሰምቻለሁ። ዛሬ ብዕር ያነሳሁት ስለዚያ እግርሽ ነው።

አንድ የሚያሳፍር ነገር ልንገርሽ፤ አደራሽን ለዘመድ ሁሉ እንዳታወሪብኝ። ወደዚህ ስመጣ ቦክስ እችላለሁ ብዬ ነበር። ውሸቴንም አይደለም፤ አዘዞ ከወታደሮቹ ጋር ተምሬያለሁ። እዚህ ቀን ቀን «ሱቅ» በሚሉት ገበያ ውስጥ የሰሊጥ ጆንያ እሸከማለሁ፤ ሲመሽ በሠራተኞች ክበብ ግቢ እለማመዳለሁ። ክበቡን ሱዳኖች «ናዲ» ይሉታል። ባለፈው ዓርብ ኢስሃቅ ከሚባል የከሰላ ልጅ ጋር አጋጠሙኝ። የመጀመሪያውን ዙር እንደ በሬ ገፋሁት። ሁለተኛው ዙር ሳይጋመስ ትንፋሼ ጥሎኝ ሄደ። እትዬ፣ ማንም አልመታኝም እኮ! እኔው ራሴ ዘጭ ብዬ ተቀመጥኩ። ሊያነሱኝ ጎንበስ ሲሉ ደግሞ የበላሁትን ፉል በክበቡ ጸሐፊ ነጭ ጀላቢያ ላይ ዘረገፍኩት። አሁን በሱቅ ሳልፍ ልጆቹ «ፉል አለ ወይ?» እያሉ ይሳለቁብኛል።

ሳቅ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልጻፍኩልሽ። እዚህ ያለነው አበሾች አብዛኞቻችን «ተስሪህ» የሚሉት የከተማ ፈቃድ የለንም። የሌለውን ሰው ፖሊስ ድንገት ከብቦ ያፍሰውና በመኪና ጭኖ ኡም ጋርጉር ካምፕ ያራግፈዋል። አፈሳውን «ከሻ» እንለዋለን፤ ስሙን በጨዋታ እንኳ የሚያነሳው የለም። ታዲያ ጸሐፊው ጀላቢያው ታጥቦ ከደረቀለት በኋላ ምን አለ መሰለሽ? «ረመዳን ሳይገባ ደግማችሁ ትገጥማላችሁ። ያሸነፈው የናዲው ሰው ይሆናል፤ የግቢው ክፍል የእሱ ነው። አበሻው ካሸነፈም ተስሪህ አወጣለታለሁ» አለ። ኢስሃቅ ክፍሉን የሚፈልገው ሊያገባ ስለሆነ ነው። እኔ ደግሞ ሰው ሆኜ በመንገድ መሄድ አምሮኛል።

ጉልበት አላነሰኝም፤ ያነሰኝ ትንፋሽ ነው። አንቺ የስፖርት መምህርት ነሽ። ትንፋሽ በምን ይረዝማል?

የላክሁልሽን ሳሙና በለጡ ይዛልሻለች፤ ቡናና በርበሬ የምታመላልሰው ነጋዴዋ ናት። መልስሽንም ለእሷ ስጫት፤ ፖስታ ቤት አትሂጂ።

ወንድምሽ አየነው

•

ጎንደር፣ ኅዳር 28 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለገንቦ ሰባሪው ወንድሜ፤

እንኳን በሕይወት ኖረህ ለመሳቅ አበቃኸኝ! ያለህበት አገር ምድሩ ይመችህ፣ ክፉ ዓይን አይይህ። እኛ ሁላችን ደህና ነን። እምዬ ወርቅውሃ ደብዳቤህን ሳነብላት እያለቀሰች ሳቀች። «ፉል የሚለው ምንድነው?» አለችኝ። «የባቄላ ቅቅል ነው» ብላት፣ «ታዲያ ባቄላ በልቶ ነው እንዴ ሰው ሊደበድብ የሄደው?» ብላ ፈረደችብህ።

ሳሙናው ደርሶኛል። ሽታው እንዳያልቅብኝ ልብሴ መሃል አስቀምጬዋለሁ። የሰፈሩን ወሬ ብነግርህ ወረቀቱ አይበቃም። ያ ጎረቤታችን ላቀው ጠጅ ቤት ከፍቶ ራሱ ደንበኛ ሆነበትና ዘጋው። አማቾቻችን እንደምታውቃቸው ናቸው፤ ስብሰባ ይወዳሉ፣ ጭብጨባ ይወዳሉ፣ የቀረውን ሰው ስም መጻፍ ደግሞ ከሁሉ አብልጠው ይወዳሉ። አማቾቼ እነማን እንደሆኑ ያላገባሁት አሰጋሽ ልነግርህ አያስፈልገኝም፤ ቀበሌያችንን ታውቀዋለህ።

ወደ ጉዳይህ ልምጣ። ቦክስ አላውቅም፤ ሁለት ጤነኛ ሰዎች ሳይጣሉ የሚደባደቡበት ምክንያትም ገብቶኝ አያውቅም። ልብና ሳንባ ግን በማንም ደረት ውስጥ ቢሆኑ አውቃቸዋለሁ። እስቲ መልስልኝ፤ ጆንያ ስታነሳ አየሩን ስበህ አፍነህ ነው አይደል የምትነሳው? እስክታራግፈውም ድረስ ደረትህ እንደታፈነ ነው። ቡጢ ስትሰነዝርም ያንኑ እያደረግህ ነው! ሸክም ጫንቃህን አደነደነው፤ ሳንባህን ግን ማፈን አስተማረው። ከዛሬ ጀምሮ በመታህ ቁጥር «እስ» ብለህ አስወጣ። አፍረህ እንዳትተወው፤ እባብ ቢሉህም ይበሉህ።

ሁለተኛው ሩጫ ነው። ሽምጥ መጋለብ እንዳይመስልህ። ቀስ ብለህ፣ ረጅም መንገድ። ሽምጥ የጭድ እሳት ነው፤ ቦግ ይልና አመድ ይሆናል። አንተ መጀመሪያ ግንዱን አያይዝ፤ ጭዱን በኋላ እንጨምርበታለን። ያላችሁበት ቆላ ፀሐዩ ሰው ስለሚጥል ጎሕ ሲቀድ ውጣ። በገንቦ ውሃ ጠጥተህ እንዳትሮጥ፤ ፉልም በልተህ እንዳትሮጥ፣ የምታውቀው ነው።

እህትህ አሰጋሽ

•

ገዳሪፍ፣ ታኅሣሥ 24 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለእትዬ አሰጋሽ፤

የልደት በዓል በሰላም ያድርስሽ፤ በግሽን የሚማጸኑ ሁሉ ስለ አንቺ ይማጸኑልሽ። ጤንነቴን ከጠየቅሽ ደህና ነኝ፤ ስሜን ከጠየቅሽ ግን ጠፍቷል።

«ጎሕ ሲቀድ ውጣ» ብለሽኝ ወጣሁ። ምነው አትውጣ ባልሽኝ ኖሮ!

ሱቁ ዳር ዘሐራ የምትባል ሱዳናዊት ሻይ ታፈላለች። ወገኖቻችን ማለዳ ማለዳ እሷ ዘንድ ሻይ እየጠጡ የእርሻ ባለቤቶችን ሎሪ ይጠብቃሉ። ተስሪህ ያለው ከመሃላቸው አንድም የለም። እኔ ያንቺን ምክር ሰምቼ ከፖሊስ ጣቢያው በኩል ዞሬ፣ ላብ በላብ ሆኜ፣ እያለከለክሁ በማዕዘኑ ብቅ አልኩ። አንዱ አቀርቅሮ ሲጠጣ ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ በኋላ የሆነውን እንዴት ብዬ ልንገርሽ? «ከሻ!» የሚል ጩኸት ነው የሰማሁት። ብርጭቆው ወደ ሰማይ፣ ሰዉ ወደ ምድር። አንዱ በሰሊጥ ክምር ውስጥ ተቀበረ፤ አንዱ ኒም ዛፍ ላይ ወጣና መውረጃው ጠፋው። የሸንጓችን ሽማግሌ አያ አስፋው፣ እኒያ የተከበሩ ሰው፣ ከነጋቢያቸው የዘሐራ ባዶ በርሜል ውስጥ ገቡ።

የኔን ደግሞ ስሚ። ሰዉ ሁሉ ሲሮጥ ሳይ «ለካ ከሻ መጥቷል!» ብዬ ደነገጥኩና ከሁሉም ቀድሜ ፈረጠጥኩ። ሯጭ መሆኔን ያየሁት ያን ዕለት ነው። ኮረብታው ሥር ቁጭ ብዬ ሳስበው ነው ከሻው ራሴ መሆኔ የገባኝ።

ሎሪዎቹ መጥተው ሰው ስላጡ ባዶአቸውን ተመለሱ። ሠላሳ የሚሆን ሰው የቀን ሥራው ቀረበት። ማታ ሸንጎ ቆምኩ። ዘሐራ «ያ ዞል፣ አንተ ሰው፣ የብርጭቆዬን ነገር ተወው፤ ልቤን ማን ይጠግንልኛል?» አለች። አያ አስፋው በርሜሉ ያጠቆረውን ጋቢ ለብሰው ፈረዱ። «ስማ አየነው። በአገራችን ሩጫ ስፖርት ነው። እዚህ ግን ሩጫ አዋጅ ነው። ከእንግዲህ በዚህ ሰፈር ስትሮጥ ያየሁህ እንደሆነ ራሴ ለፖሊስ እሰጥሃለሁ» አሉኝ። ለፖሊስ የሚሰጡኝ ከሆነ እርሳቸውም አብረው እንደሚያዙ ልነግራቸው ፈልጌ የጠቆረውን ጋቢ አየሁና እጅ ነሥቼ ወጣሁ።

ከከተማ ወጥቼ እንዳልሮጥ ዋልካው በድርቁ ተሰነጣጥቋል፤ እግር ይሰብራል። ገመድ እዘላለሁ፤ ገመድ ብቻውን አይበቃም። ኢስሃቅ ደግሞ በየማለዳው አስፋልቱ ላይ እንደ ልቡ ይሮጣል፤ አገሩ ነዋ። እትዬ፣ ሳልሮጥ የምሮጥበትን ዘዴ ፈልጊልኝ።

አየነው

•

ጎንደር፣ የካቲት 3 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለአየነው፤

በረሃ ላይ እንዳለች ግራር የምትመካበት ጥላ አይጥፋብህ። መልሴ የዘገየው በለጡ ሸኸዲ ኬላ ላይ ተይዛ ስለከረመች ነው። በርበሬዋን በዘንግ እየወጉ ፈተሹባት። «የሚያስነጥስ ነገር እየፈለጋችሁ ከሆነ አገኛችሁት» ብትላቸው ሦስቱም ፈታሾች እያስነጠሱ ለቀቋት።

የበርሜሉን ታሪክ ለእምዬ ወርቅውሃ አላነበብኩላትም፤ ሳቅ ይገድላታል ብዬ ፈራሁ። ዘዴውን ግን አገኘሁልህ። ብዙም አልደከምኩበት። እየዘፈንክ ሩጥ።

አትሳቅ። የሚሸሽ ሰው አይዘፍንም፤ የሚያሳድድም አይዘፍንም። ማዕዘኑ ጋ ከመድረስህ በፊት ድምፅህ ይድረስ። ሰዉ «አየነው ነው» ብሎ ሻዩን ይጠጣል። በእኔ ሙያ ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው። ተማሪዎቼን የማስሮጠው በዚሁ መንገድ ነው፤ መዝፈን እስከቻልክ ድረስ ሩጫህ ልኩ ነው። ግጥሙ ከተቆራረጠብህ ፈጥነሃል፤ ዝግ በል። ዛሬ አንድ ስንኝ ያቋረጠህ ዳገት የወር ሰው ሲልህ ሙሉ ዘፈን ያዘፍንሃል። ግንዱ የተያያዘ ዕለት ጭዱን ጨምር፤ አንድ ዙር ቦክስ እስከሚፈጅ ድረስ ባለ በሌለ ኃይልህ ሩጥ፣ ዙር መሃል እንደምታርፈው እየተራመድክ አገግም፣ ደግመህ ሩጥ። ልብህ ቶሎ መመለስን ይለምዳል። ቦክስ ይኸው መሰለኝ፤ ቶሎ የተመለሰ ያሸንፋል።

የእኔን ወሬ ልንገርህ። ትምህርት ቤታችን ዓመታዊ ሩጫ ነበር። አማቾቻችን ከፊት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ባለፈው ዓመት አንደኛ፣ ሁለተኛና ሦስተኛ የወጡት ልጆች ሜዳሊያቸውን ሳይጠግቡ ለውትድርና መወሰዳቸውን ልጆቹ ያውቃሉ። ፊሽካ ነፋሁ። ጉድ ነው መቼም! አንድም ልጅ ሊቀድም የፈለገ የለም። አንዱ ጫማውን ያስራል፣ አንዱ ጎኑን ይይዛል፣ ሁለቱ «አንተ እለፍ»፣ «የለም አንተ እለፍ» እየተባባሉ ይገባበዛሉ። መጨረሻ ላይ መስመሩን መጀመሪያ ያለፈው የዘበኛው ፍየል ነው። ሕዝቡ ሳቀ፤ የፊት ወንበሮቹ ግን አልሳቁም።

ሁለት ነገር ላስቸግርህ። አንድ ሸራ ጫማ ላክልኝ፤ የሴት፣ ጠንካራ፣ ለረጅም መንገድ የሚሆን። ለአንዲት ተማሪዬ ነው፤ እግሯ ከእኔ ጋር ልክ ነው። ሌላው ደግሞ የጂኦግራፊ መምህራችን ጓንግ ወንዝ በየትኛው ወር እንደሚጎድል ማወቅ ይፈልጋል። በለጡን ጠይቀህ ጻፍልኝ።

አሰጋሽ

•

ገዳሪፍ፣ መጋቢት 16 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለእትዬ አሰጋሽ፤

ጾሙን በሰላም ያስፈጽምሽ። እኔ እየሮጥኩ ነው፤ እየዘፈንኩም ነው!

አያ አስፋውን ለማሳመን ብዙ ደጅ ጠናሁ። በመጨረሻ «ዘፈንህ ከእግርህ ይቅደም፤ ድምፅህ ሳይሰማ እግርህ ከታየ ስምምነታችን ፈረሰ» ብለው ፈቀዱ። ግጥሙንም ራሳቸው ካልሰማሁት አሉ። እንዲህ ብዬ ነው የገጠምኩት፦

አይዞህ ያገሬ ሰው ቁጭ ብለህ ሻይ ጠጣ፣
አየነው ነው እንጂ ከሻ አይደል የመጣ።

መጀመሪያ ሰሞን «አይዞህ» ብዬ «ያገሬ ሰው» ላይ ስደርስ ትንፋሼ ያልቅ ነበር። ሻይ ጠጪዎቹ «አይዞህ ብለኸን የት ገባህ? ጨርሰው እንጂ!» እያሉ ይጮሁብኛል። ዛሬ ሱቁን ዞሬ፣ ወፍጮ ቤቱን አልፌ፣ ድንጋያማውን ኮረብታ እየወጣሁ እዘፍናለሁ። ሱዳኖቹ ስሜን «ፈናን» ብለውታል፤ ዘፋኙ ማለት ነው። ዘሐራ በአማርኛ ይዛዋለች፤ «ሻይ ጠጣ» የምትለው ላይ ስትደርስ ድምጿን ከፍ አድርጋ ገበያ ትጠራበታለች።

ጭዱንም ጨምሬበታለሁ። የሰሊጥ ሎሪ ከሱቅ ወጥቶ አስፋልት እስኪይዝ ድረስ ይንፏቀቃል። ከኋላው እከተለዋለሁ። ጥሎኝ ሲፈተለክ እየተራመድኩ ተመልሼ ቀጣዩን እጠብቃለሁ። ሾፌሮቹ ወደውታል፤ ሆን ብለው ነዳጅ ረገጥ ለቀቅ እያደረጉ ያስለፉኛል። አቧራውን ግን ስበላው ጾም አፈረስኩ ወይ ብዬ እሰጋለሁ። ምግቤ ያው ፉል ነው፤ የሰሊጥ ዘይት አለበት። ስመታ «እስ» እላለሁ። የናዲው አሰልጣኝ «ጎማህ ተንፍሷል» ይለኛል፤ የመታሁት ሰው ግን አይስቅም።

አሁን ወደ ጫማው። ልኬልሻለሁ። ተማሪዬ ብለሻል፤ ይሁን። እኔ ግን ለመግዛት ስሄድ ዓይኔ ላይ የነበረው በተዝካሩ ቀን እስከ ወንዝ ያባረረኝ እግር ነው። ለጂኦግራፊ መምህሩም ንገሪው፤ በለጡ እንዳለችው ፋሲካ ካለፈ በኋላ ጓንግ ጉልበት አይደርስም። ሰኔ ከገባ ግን አይቀመስም። ማየት ያለበትን ከዚያ በፊት ይይ።

አንድ ነገር ጠይቄ አረጋግጫለሁ፤ ተስሪህ ያለው ሰው አንድ ዘመዱን ዋስ ሆኖ ያስመዘግባል። የተመዘገበውን ከሻ አይነካውም። ስለዚህ እትዬ፣ ከእንግዲህ የምሮጠው ለአንድ ሰው አይደለም።

አንድ ጭንቀት አለኝ። ጨዋታውን ረመዳን ሳይገባ ዓርብ ዕለት አድርገውታል። ቆጥሬ ባየው ያ ዓርብ ስቅለት ነው። እምቢ ካልኩ ኢስሃቅ ሳይጫወት ያሸንፋል። ምን ይሻላል?

አየነው

•

ጎንደር፣ ሚያዝያ 7 ቀን 1978 ዓ.ም.

አየነው ወንድሜ፤

እግዜር ከክፉ ይሰውርህ። በለጡ ነገ ስለምትነሳ አሳጥሬ ነው የምጽፈው።

ስቅለት ቀን ቡጢ አይሰነዘርም፤ ይህን ለእኔ መጠየቅም አልነበረብህም። ጸሐፊው ጋ አትሂድ። ኢስሃቅ ጋ ሂድና ፊት ለፊት ንገረው። የሚጾም ሰው የጿሚን ነገር ያውቃል። ስቅለት ዕለት አብዝተህ ስገድ፤ ለነፍስህ ነው። ጉልበትና ትንፋሽህንም የሚጠቅም መሆኑን ግን የንስሐ አባቴ ከእኔ እንዳይሰሙ። በፋሲካ ደግሞ ሥጋ ላይ እንዳትወድቅ። ታውቃለህ ጀላቢያውን።

አማቾቻችን ጠርተውኝ ነበር። «ልጆችሽ ለምን ዘገሙ?» አሉኝ። «አየሩ ከብዶባቸው ይሆናል» አልኩ። «እንግዲያው ፈጣኖቹን ከአንቺ በላይ የሚያውቃቸው የለም። ስማቸውን ጽፈሽ እስከ ግንቦት አጋማሽ አምጪ» አሉኝ። ሩጫ ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ፤ አየነው። አንዳንዶቹን በባዶ እግራቸው ከሚሮጡበት ጊዜ ጀምሬ ነው ያሳደግኋቸው። እግራቸው መጥፊያቸው ይሆናል ብዬ አላስተማርኳቸውም። ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ጫማው ልክ ነው። ተማሪዋ አመስግናለች። ማለዳ ማለዳ ከባድ ቦርሳ አዝላ እስከ አዘዞ ደርሳ ትመለሳለች። ያንተ አገር የሚሮጥን ሰው ይፈራል፤ እዚህ እሷን ያየ «የስፖርት መምህርቷ ናት» ብሎ ያልፋል። ተማሪዋን ማለቴ ነው።

አንተ ብቻ ትንፋሽህን ያዝ፤ ተሳሳትኩ፣ ልቀቀው ማለቴ ነው። አንዱን በር አንተ ክፈት፤ ሌላውን ሌላ ሰው ይከፍተዋል።

አሰጋሽ

•

ገዳሪፍ፣ ግንቦት 2 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለእትዬ አሰጋሽ፤

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰሽ፤ ለትናንትናዋም ልደታ እንዲሁ። ከንፈሬ ስላበጠ ሰላምታዬ ቢኮላተፍ ይቅር በይኝ። በእጄ ነው የምጽፈው ትይኝ ይሆናል፤ እጄም አብጧል።

እንዳልሽኝ ኢስሃቅ ዘንድ ሄጄ ነገርኩት። ጢሙን እየላጨ ነበር። «ስቅለት ምንድነው?» አለኝ፤ ነገርኩት። ምላጩን አስቀምጦ፣ «ቀኑን ሙሉ ውሃ ሳትቀምስ ስትሰግድ ውለህ ነው የምትገጥመኝ? ሰው ሲጠይቀኝ ምን ልበል? የተራበ አበሻ አሸንፌ አገባሁ?» አለ። ራሱ ጸሐፊውን ለምኖ ወደ ቀጣዩ ዓርብ፣ ረመዳን ደጃፍ ላይ አስዞረው። ወጥቼ ስሄድ ግን ከኋላዬ «ጠግበህ ና! ጠግበህ ስትወድቅ ነው የሚጥመኝ!» ብሎ ጮኸብኝ።

ትናንት ናዲው ሞልቶ አጥር ላይ ሰው ነበር። የእኛ ሰዎች ግቢው ውስጥ ለመግባት ፈሩ፤ ፖሊሶቹ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። ስለዚህ ከአጥሩ ውጭ፣ ዘሐራ የሻይ ዕቃዋን ይዛ ከተቀመጠችበት ግንብ ሥር ቆመው ነበር። ጸሐፊው አዲስ ጀላቢያ ለብሷል፤ እኔን ሲያይ ወንበሩን ወደ ኋላ አሸሸ።

የመጀመሪያውን ዙር ኢስሃቅ ወሰደው። አልዋሽሽም፤ እጁ ረዥም ነው፣ አፍንጫዬን በደም አጠበው። እንደ ድሮው ልገፋው እልህ ያዘኝና ድምፅሽ መጣብኝ፤ ግንዱን አያይዝ። ዝግ አልኩ። እየተመታሁ «እስ» እያልኩ መለስኩለት። በሁለተኛው ዙር እኩል ሆንን። ደወሉ ተደውሎ ወንበሬ ላይ ስቀመጥ ልቤን አዳመጥኳት። እትዬ፣ ተመለሰች! የሎሪው አቧራ ውስጥ እንዳስለመድኳት፣ ውሃዬን ሳልውጥ ተመለሰች።

ሦስተኛው ዙር መሃል ኢስሃቅ አቀፈኝ። እንዲያርፍ ነው። ግን አፉ አያርፍም፤ በጆሮዬ «ያ ፈናን፣ ዛሬ ምነው ዘፈኑ ጠፋ?» አለኝ። እያለከለከ ነው ያለው። እኔም በጆሮው «አይዞህ ያገሬ ሰው ቁጭ ብለህ ሻይ ጠጣ» አልኩት፤ ሳላቋርጥ፣ ከነዜማው። ሆዱ በሆዴ ላይ ሲረግብ ተሰማኝ። ቡጢ አይደለም የጣለው፤ ለመዝፈን የሚበቃ ትንፋሽ እንዳለኝ መስማቱ ነው። ዳኛው አላቀቀንና «አትዘፍን!» ብሎ አስጠነቀቀኝ። እኔ ዝም ስል ከአጥሩ ውጭ ዘሐራ ተቀበለችው። ከዚያ አያ አስፋው። ከዚያ ሁሉም። ፖሊሶቹ ግራ ገብቷቸው ወደ አጥሩ ዞሩ፤ አንድም የሸሸ ሰው አልነበረም። እኔ ደወሉ እስኪደወል እጄን አላወረድኩም።

ሁለት ዳኛ ለእኔ፣ አንድ ለእሱ ሰጡ።

ኢስሃቅ ጓንቱን አውልቆ እጄን ጨበጠኝ። ሠርጉ ወደ ከሰላ፣ ወደ አባቱ ቤት ዞረ። ክፍሉን በመውሰዴ ልቤ ሙሉ በሙሉ ደስ ብሎታል ብዬ ልዋሽሽ አልችልም። «ለሠርጌ ዘፍነህ ትከፍለኛለህ» ብሎኛል፤ እሄዳለሁ።

ተስሪሁ ዛሬ ጠዋት ወጣ። ጸሐፊው «የዘመድ ስም የሚጻፍበት ቦታ አለ፤ ባዶ ልተወው?» ሲለኝ «አትተወው» አልኩት። አልጋ ሁለት ገዝቻለሁ። ወንዙ እስካሁን እንደጎደለ ነው። ሰማዩ ግን ወደ ማታ ይጠቁር ጀምሯል። ይህን ለጂኦግራፊ መምህሩ በአስቸኳይ ንገሪልኝ።

አየነው

•

ሸኸዲ፣ ግንቦት 14 ቀን 1978 ዓ.ም.

አየነው፤

ሰላምታዬን በፊትህ ቆሜ ስለምሰጥህ ወረቀት ላይ አላባክነውም።

ደብዳቤህ እዚሁ ሸኸዲ ላይ አገኘኝ። የታመመች አክስት ጥየቃ ብዬ ፈቃድ አውጥቼ ነው የመጣሁት፤ አክስቲቱ የለችም፣ ፈቃዱም ነገ ያልቃል። እምዬ ወርቅውሃን ተሰናብቻታለሁ። ማሸነፍህን ገና አልሰማችም፤ በለጡ ስትመለስ ትነግራታለች። እኔ ስወጣ ግን «ያን ልጅ ባቄላውን ይተው በይው» ብላሃለች።

የጠየቁኝን ስም ጽፌ ጠረጴዛው ላይ ትቼላቸዋለሁ። «የትምህርት ቤቱ ፈጣን ሯጮች» ብዬ አርእስት አወጣሁ፤ ሥሩ አንድ ስም ብቻ ነው ያለው፤ አሰጋሽ። ልጆቹን ሌላ ሰው እስኪለያቸው ዓመት ይፈጃል። እስከዚያ የሚዘገም ይዘግም፣ የሚያድግ ይደግ።

ይህን ወረቀት በለጡ በበርበሬዋ መሃል ይዛ በመኪና ትቀድመኛለች። እኔ ዛሬ አመሻሹ ላይ በእግሬ እነሳለሁ። አትፍራልኝ። ከዚህ እስከ ጓንግ ያለው መንገድ ከአዘዞ ዳገት አይብስም፤ ቦርሳዬም የለመድኩት ክብደት ነው። ጫማውን አሟሽቼዋለሁ። እስከ ወንዙ ድረስ በአፍንጫዬ እየተነፈስኩ፣ ድምፅ ሳላሰማ፣ ግንዱን ብቻ እያነደድኩ ነው የምሄደው። ጭዱ ምናልባት ያስፈልገኝ እንደሆነ ቋጥሬ ይዣለሁ፤ ሰው ቢያሳድደኝ የሚይዘኝ አይመስለኝም። አንተን ስንት ጊዜ ነው የያዝኩህ?

ከድንበሩ ማዶ ገላባት ላይ ሎሪ አገኛለሁ። ገዳሪፍ ስወርድ ማለዳ ከሆነ ሰዎቹ ዘሐራ ዘንድ ተቀምጠው ይሆናል። የማላውቀው ከተማ ውስጥ ጫማ ያደረገች አበሻ ሴት እየተጣደፈች በማዕዘኑ ብቅ ስትል አያ አስፋው በርሜል ውስጥ እንዳይገቡብኝ፣ ድምፄ ከእግሬ ይቀድማል። ግጥሙን ትንሽ አስተካክዬዋለሁ፦

አይዞህ ያገሬ ሰው ቁጭ ብለህ ሻይ ጠጣ፣
አሰጋሽ ናት እንጂ ከሻ አይደል የመጣ።

ይህን የሰማህ ዕለት ሻይ አዝዘህልኝ ቆይ። ከጓንግ ወዲህና ወዲያ ያገኘኝን ሁሉ፣ አንዲት ነገር ሳላስቀር፣ ብርጭቆዬን ይዤ ራሴ አወራሃለሁ።

እህትህ አሰጋሽ